ማዞሪያ የሌለችበት ግሩፕ

ዝም ማለት የማይችል ሰው ያልተመደበለት ቤተሰብ በዚህ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ድሮ ይህ ሰው ቢያንስ በር ማንኳኳት ነበረበት። ኮቴውን ስትሰሙ ሬዲዮናችሁን ቀንሳችሁ፣ ትንፋሻችሁን ውጣችሁ የሌላችሁ መምሰል ትችሉ ነበር። አሁን ግን የሽርጣችሁ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ሽንኩርት ስትከትፉ ይነዝራል፤ በመርፌ ቀዳዳ ክር ስታስገቡ ይነዝራል፤ ከሰዓት በኋላ ጋደም ስትሉ ትራሳችሁ ሥር ሆኖ «እንደምን ዋላችሁ?» ይላል። መቼ አዋላችሁንና!

ለእኛ ቤተሰብ የተመደበችልን የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ትንሽ ትልቁ «ማዞሪያ» ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ክፍል ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመድ ካንዱ ቀዳዳ እየነቀለች ሌላው ላይ እየሰካች፣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራለች። ጡረታ ስትወጣ ገመዱን ተረከቧት እንጂ ሥራውን የተረከባት የለም። ስለዚህ ስሟ ዛሬም በትክክል ያገለግላል፤ ያኔ መስመር ታዞር ነበር፣ አሁን ራሳችንን ታዞራለች።

ታች ስክሪን ስልክ የገዛላት የወንድሟ ልጅ፣ ፋርማሲስቱ ነው። ልጅ ስለሌላት አብሯት የሚውል ነገር ይሁናት ብሎ ነው። እስከ ዛሬ ይጸጸታል። በገዛላት በሳምንቱ ክብርት ማዞሪያ ግሩፕ ከፈተች። ስሙን «ዋናው መስመር» አለችው፤ ማንንም ሳትጠይቅ ከራሷ ጋር ሠላሳ አራት ሰው አጨቀችበት። እኔ የገባሁት ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ቀኑን የማልረሳው የትራስ ልብስ እየቀመቀምኩ ስለነበር ነው፤ ስልኩ ሲነዝር ደንግጬ መርፌው አውራ ጣቴ ላይ ተሰካ። ዕድሜዬን በሆስፒታል የስፌት ክፍል አንሶላና የሕመምተኛ ጋውን ስሰፋ ኖሬ፣ እንደዚያ ቀን ተወግቼ አላውቅም። ልጆቹ እኔንም «እትዬ መርፌ» ነው የሚሉኝ።

የዋናው መስመር ሥራ የሚጀምረው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ጠል የያዘ ጽጌረዳ ይመጣል። ከሥሩ «አለሁ በሉ!» የሚል ትእዛዝ። ሠላሳ ሦስታችንም አለሁ ማለት አለብን። አውራ ጣት ብቻ የሚልክ ሰው «ድምፅህ የት ሄደ?» ይባላል። እስከ ምሳ ሰዓት ያልመለሰ ሰው ይደወልለታል።

«አየሁሽ፤ አንብበሻል» ትለኛለች። «ሁለቱ ምልክት መጥቷል። ምን አስቀይሜሽ ነው?»

«እትዬ፣ ወጥ ላይ ነበርኩ።»

«ወጥ ላይ ሆነሽ ማንበብ ከቻልሽ ወጥ ላይ ሆነሽ አለሁ ማለት ምን ያቅትሻል?»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።

የድምፅ መልእክቷ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሰባትና ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ስትጀምር «ሃሎ? ሃሎ? ትሰሙኛላችሁ?» ትልና መልስ ትጠብቃለች። የተቀዳ ድምፅ መሆኑን ስንት ጊዜ አስረድተናታል! ያው ትጠብቃለች። ከበስተጀርባ ያልተዘጋ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ከዚያ «እንግዲህ ዝም ካላችሁ እቀጥላለሁ» ትላለች፤ ትቀጥላለችም። ወጣቶቹ ተነሥተው እርስ በርስ መቀላለድ ከጀመሩ በየመሐሉ እየገባች «ጨርሳችኋል?» ትላለች። ማዞሪያ ክፍል ገመድ ከመንቀሏ በፊት እንደዚያ ብላ ትጠይቅ ነበር አሉ። ያኔ ሰዎች ደንግጠው ቶሎ ይሰነባበቱ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው።

ግን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «ላንቺ ብቻ» የምትለው ነገር ነው። ግሩፕ ማለት ሁሉም የሚያነበው መሆኑ ሊገባት አልቻለም። በእሷ ቤት የእኔን ስም ከጻፈች መስመሩ ወደ እኔ ብቻ ተዞረ ማለት ነው። አንድ ቀን፣ ሠላሳ አራት ሰው እያየ፣ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፤ የፋርማሲስታችን ሚስት መልኳ መልካም ነው፣ ጨው ግን አታውቅም። ለማንም እንዳትነግሪ።» ልጅቷ ራሷ ግሩፑ ውስጥ ነበረች። ነርስ ናት፤ ብዙ አይታለች። አውራ ጣቷን ላከች።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ የፋርማሲስቱ አባት፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ሐኪም ሲጠይቀው እንኳን በግድ የሚመልስ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ጠዋት አለሁ ሳይል ስለዘገየ ታላቅ እህቱ በእሱ ፈንታ መለሰችለት፦ «ወንድሜ ደህና ነው፤ አትጨነቁ። ሆዱን ነፍቶት ነው፣ እየተነፈሰለት ነው።» መምህሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ጽጌረዳዋ ሳትመጣ ገና፣ «አለሁ» ይላል።

ይህን ሁሉ ችለን እንኖር ነበር። መቻል ያቃተን እኔ የሞትኩ ዕለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይን ሞራ ሊነሣልኝ ሆስፒታል ቀጠሮ ያዝኩ። ክብርት ማዞሪያ «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ተከተለችኝ። እውነቱን ለመናገር ደግፋኛለች፤ ቦርሳዬን ይዛልኛለች፤ ወረፋ ላይ ሁለት ጎረምሳ ገሥጻልኛለች። ግን በየደቂቃው ለዋናው መስመር ታስተላልፍ ነበር። «ገባች።» «ጠብታ አደረጉላት።» «ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ እንጃ።» ከዚያ ቤቴ አምጥታ፣ ጫማዬን አውልቃ፣ አልጋዬ ላይ አጋደመችኝ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ስልኳን አነሣችና የመጨረሻውን መልእክት ጻፈች።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ይህች ሴት በአፏ «አንቺ» ነው የምትለኝ። «አረፍ ብላለች» ብላ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልመጣ። ነገር ግን ዕለቱ ትልቅ ነበር፣ የሚያነበውም ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ በጽሑፍ ልታከብረኝ ፈለገች። እንዲህ አለች፦ «እትዬ መርፌ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አረፉ። ብዙም አልተሠቃዩም።»

አንቱ ብላ ገደለችኝ።

ጽፋ እንደጨረሰች የስልኳ ባትሪ አለቀ። እሷም ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ አንቀላፋች። እኛ ሁለታችን ስናንኮራፋ፣ ሠላሳ ሁለት ሰው ነፍሴን ማረልኝ። በኋላ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። አንዷ «ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም» ብላለች፤ ድምፄን ሰምታው ታውቅ እንደሆነ እንጃ። መምህሩ «የእጅ ጽሑፏ ያምር ነበር» ብሎ ጽፏል። ከዚህ በላይ የሚባልልኝ ነገር ፈልጎ አጥቶ ይሆናል፤ ለእሱ ግን ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ፋርማሲስቱ ነጭ ጋውኑን እንኳን ሳያወልቅ እየሮጠ መጣ። በሩን ሲከፍት እኔ አንድ ዓይኔ ታሽጎ ሾርባ እጠጣለሁ። አየኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ከዚያ ተቆጣ።

«አክስቴ! ምን ብለው ነው የጻፉት?»

«ምን አልኩ?» አለች ማዞሪያ ዓይኗን እያሻሸች። «አረፉ አልኩ። አላረፈችም እንዴ? ይኸው አርፋ ሾርባዋን ትጠጣለች።»

መቆጣቱ ግን እውነት ነበረው። ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። መልእክቱን ሥራ ላይ ሆና ስታነብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ራሷ በምታነጥፈው የሕመምተኛ አልጋ ላይ አስተኝተዋታል። ደግነቱ ምንም አልሆነችም። ማዞሪያ ይህን ስትሰማ ፊቷ ዐመድ መሰለ። እሱ ግን ያን ለማየት አልቆየም።

በማግስቱ ወጣቶቹ ሌላ ግሩፕ ከፈቱ። ስሙን «እረፍት» አሉት። ከዋናው መስመር ሰው ሁሉ ወደዚያ ገባ፤ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር። እኔን ሊያስገባኝ ፋርማሲስቱ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ።

«እትዬ መርፌ፣ ለአክስቴ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ» አለኝ ስልኬን እየነካካ።

«እሷስ የት ትሁን ልጄ?»

«ዋናው መስመር አለላቸው አይደል? እዚያ አበባቸውን ይላኩ።»

እምቢ ማለት አልችልበትም፤ ተፈጥሮዬ ነው። እሺ አልኩ። ደግሞ ሳልዋሽ ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። በማግስቱ ጠዋት በጸጥታ ሻይዬን ጠጣሁ። አንድ ሙሉ የትራስ ልብስ ሳልወጋ ቀመቀምኩ።

ችግሩ ሐሙስ ሐሙስ እሷ ቤት መሄዴ ነው። ውሸት ስናገር ጆሮዬ ይቀላል፤ ባለቤቴ ይስቅብኝ ነበር። ማዞሪያ ደግሞ ከእኛ ሌላ የሷ የምትለው ሰው የላትም። ዕድሜ ልኳን ሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት፣ ሠላሳ ሦስት ሰው በሩን ዘግቶባት ውጭ እንደቀረች ብታውቅ ምን ትሆናለች? ይህን እያሰብኩ በየሐሙሱ ጆሮዬን በሻሽ ሸፍኜ እሄድ ጀመር።

ዋናው መስመር ላይ ጽጌረዳዋ መምጣቷን አላቋረጠችም። «አለሁ በሉ!» መጀመሪያ አሥር ሰው፣ ከዚያ አምስት፣ በመጨረሻ መምህሩና እኔ ብቻ። እሷ ኔትወርኩን ጠረጠረች። ስልኳን ይዛ ጠጋኝ ቤት ሄደች። ሠራተኛው ከፍቶ አየና «እማማ፣ ምንም የለውም» አላት። «ሥራውን አያውቅም» ብላ ነገረችኝ። እኔ ሻሼን አጠበቅሁ።

እረፍትስ? እረፍት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ስለ ማዞሪያ ሲቀለድ ተዋለ። በአራተኛው ቀን የሚቀለድ አለቀ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። አንዱ «ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ የምታውቁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሠላሳ ሁለት ሰው አንብቦት አለፈ። ቧንቧው እስከ ዛሬ ሳይፈስ አይቀርም። የመምህሩ ሰባኛ ልደት መጥቶ ሄደ፤ ማንም ማንንም አላስታወሰም። ከማዞሪያ በቀር፤ እሷ ዋናው መስመር ላይ ስምንት ደቂቃ ዘመረችለት። አድማጮቹ ባለልደቱና እኔ ነበርን። ጸጥታውስ ደስ ይላል። ግን ጸጥታ ሲበዛ ሰው በጎረቤቱ ሬዲዮ መናደድ እንኳን ያምረዋል።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ እሷ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ምስር እየለቀምን ቦርሳዬ ነዘረ። ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። እንደገና ነዘረ። ከዚያማ ማቆሚያ አጣ፤ ቦርሳዬ ወንበሩ ላይ እንደ ንብ ቀፎ ይርመሰመሳል። የእሷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ፣ ከምስሩ አጠገብ፣ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

«አታነሽውም?» አለችኝ።

«ማንቂያ ደወሉ ነው፤ መድኃኒት እንዳልረሳ...»

ጆሮዬን አየችው። ሻሼን ረስቼ ነበር።

«እኔ እኮ ማዞሪያ ላይ ነው ያረጀሁት» አለች ቀስ ብላ፣ ከምስሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር እየለቀመች። «የተቋረጠ መስመር ዝም ይላል። የዞረ መስመር ግን ሌላ ቦታ ይጮኻል። ሰው በተራ በተራ ነው ዝም የሚለው፤ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ይኮርፋል። ሁሉም ባንድ ቀን ዝም ካሉ ሌላ ሰሌዳ ተከፍቷል ማለት ነው።»

«መቼ ነው ያወቅሽው እትዬ?»

«በሁለተኛው ቀን።»

ስልክ ጠጋኙ ጋ የሄደችው ታዲያ ለምን እንደሆነ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ አልጠየቅኋትም። ሰው እያወቀም ቢሆን «ኔትወርክ ነው» የሚለው አንድ ሰው ይፈልጋል መሰለኝ።

«ወለደች?» አለችኝ። ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩ።

«ወለደች።»

«ምን?»

«ሴት።»

«እናትየዋስ?»

«ደህና ናት ብሏል ባሏ።»

የጸዳውን ጠረጴዛ በጨርቅ ወለወለችው። «ተመስገን» አለች። ከዚያ ስልኳን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። «ያልነገሩኝን እንኳን ደስ ያላችሁ አልል! የሥራችን ደንብ ነበር፤ የሰው ወሬ በጆሮሽ ያልፋል እንጂ አፍሽ ጋ አይደርስም። ስንቱ ሲታጭ ሰምቻለሁ፣ ስንቱ ሲጣላ። አንድም ቀን መንገድ ላይ አግኝቼ እንኳን ደስ ያለህ አላልኩም።»

ሠላሳ አራት ሰው ሲያነብ «ለማንም እንዳትነግሪ» የምትል ሴት ናት ይህን የምትለኝ። ግን እውነቷን ነው፤ በማዞሪያው የሰማችውን አንድም ነገር ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

«ፎቶ አለው?» አለች። ከፍቼ ሰጠኋት፤ አልተቀበለችኝም። ተነሥታ መነጽሯን አደረገችና ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አጣምራ ጎንበስ አለች። «አንቺው ያዢልኝ፤ ጣቴ የሆነ ነገር ነክቶ እንዳየሁ ያስታውቅባችኋል።» እንደዚያ ሆና ብዙ አየቻት። «ግንባሯ የባልሽ ነው» አለች በመጨረሻ፣ «ጨው የሚያውቅ ምላስ ይስጣት።»

አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ለመለየት ሦስት ፌርማታ ፈጀብኝ። በእሷም ነው፣ ማንም ይከፋታል ብሎ እንዳይገምት አድርጋ ስላሰለቸችን። በልጆቹም ነው። ከሁሉ በላይ ግን በራሴ፣ እሺ ባልኩት።

ቤቴ ገብቼ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ ሞራ በተነሣለት ዓይኔ ፊደል እየለቀምኩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጻፍኩ። እረፍት ላይ ከአውራ ጣት ሌላ ልኬ አላውቅም ነበር። ይኸው ያልኩት፦ «እንኳን ማርያም ማረቻት። አክስታችሁ ሰምታለች። ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር። ያልተነገረኝን ደስታ ደስ አይለኝም ብላ ቁጭ ብላለች። ደውሉላት። ካልደወላችሁላት እኔም ከዚህ ግሩፕ እወጣለሁ።» ተጫንኩት። ስልኩን የክር መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩና ዘጋሁበት። በሰባ ዓመቴ ማንንም ስቆጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ መሳቢያውን ስከፍት መልስ የጻፈ ሰው የለም። አንድም። ሁሉም አንብቧል፤ ሁለቱ ምልክት መጥቷል። በቃ፣ አልኩ፤ ሁሉንም አስቀየምኩ፣ እሷንም አሳጣኋት። ምስጢሯን ማውጣቴን ራሴ ልንገራትና ትውቀሰኝ ብዬ ደወልኩላት።

መስመሩ ተይዟል።

ሲኒ አጠብኩና ደወልኩ። ተይዟል። ልብስ ከገመድ ላይ አወረድኩ፣ አጠፍኩ፣ ደወልኩ። ተይዟል። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሲፈልጓት አትገኝ፣ ሳይፈልጓት አትጠፋ! አንዱን የአንገት ልብስ ዘርፉን ጨርሼ ደወልኩ፤ ተይዟል። ቆጥሬያለሁ፤ አሥራ ሦስት ጊዜ ተይዟል አለኝ። ከስድስተኛው በኋላ ለምን እንደሆነ እንጃ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ያንን ቱት ቱት የሚል ድምፅ እስኪቋረጥ ድረስ አዳምጠው ጀመር።

በአሥራ አራተኛው ጠራ። ገና ሃሎ ሳልል ጮኸችብኝ።

«አንቺ! የት ገብተሽ ነው? ፋርማሲስቱ ደወለ፣ ሚስቱ ካልጋዋ ሆና ደወለች፣ ሕፃኗ ራሷ አልቅሳልኛለች! ያ ወንድሜ እንኳን ዐሥር ደቂቃ አውርቶኛል፣ ዐሥር! ነገ ጠዋት ስም አውጪላት ብለውኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ዓለም ሁሉ ሲደውል አንቺ ብቻ ነሽ የጠፋሽው! ይሄ ነው ዝምድና?»

«ይቅርታ እትዬ» አልኳት። «ሥራ ይዞኝ ነው።»

አሥራ አራት ጊዜ መደወሌን አልነገርኳትም።